ጦር የሌለው ፈረሰኛ አንቀበልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር በጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ እንጫወታለን። የ1909 ዓ.ም. የሰገሌን ጦርነት ለማሰለፍ የንጉሥ ሚካኤልን ፈረሰኞች በትንንሽ የብረት ምስል እንዲሠራልን ለአንድ አቅላጭ አዘዝን። የመጣልን ሥራ አሳዝኖኛል።

የአንዱ ጦር ከጨበጠበት እጅ በላይ የለም፤ የሌላው ጋሻ ግማሽ ነው። የወሎ ፈረሰኛ ያለ ጦር ምን ይባላል! ይህ የሚሆነው የቀለጠው ብረት ጫፍ ሳይደርስ ሲረጋ፣ ወይም አየሩ መውጫ አጥቶ ውስጥ ታፍኖ ሲቀር ነው። ቅርጽ ማውጫውን አስቀድሞ ማሞቅ፣ ከጦሩ ጫፍ ቀጭን የአየር መውጫ መቅደድ፣ ውስጡንም በታልክ ዱቄት በስሱ ማበስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። በፈረሶቹ ሆድ ላይ የሚታየው ቀጭን መስመር በሞረድ ይነሣልና ቅር አይለኝም። የቅርጽ ማውጫው ሁለት ግማሾች ሳይገጣጠሙ ቀርተው የተዛነፈ ፊት ግን በሞረድ አይቃናም፤ እንደገና መቅለጥ አለበት።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ እርሳስ የሚባለው ብረት ነው። ለእንዲህ ያለ ምስል የሚሆነው ንጹሕ ቆርቆሮ (የቤት ክዳኑ ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ዋጋው ግን ውድ በመሆኑ እርሳስ ይቀላቀልበታል። እርሳስ መርዝ ነው፤ ስንሞርደው ብናኙ እጃችን ላይ ይቀራል፣ ምስሎቹንም ልጆች ያነሷቸዋል። አቅላጮች ምን እንደቀላቀሉ በማሸጊያው ላይ ይጻፉልን። ጎዶሎውንም ይቀይሩ፤ ብረቱ እንደሆነ ተመልሶ ይቀልጣል።

እኛ የተበላሹትን መልሰን ልከናል፤ ምትካቸውን እንጠብቃለን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ