እጄን ኪሴ የከተትኩበት ቀን

ሐዋሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ውድ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ሰነበትክ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬህ «እንደምን ሰነበትክ» ማለት ከብዶኛል። ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። አድራሻህን የሰጠችኝ እህትህ ናት። ስጠይቃት መጀመሪያ ዝም ብላ አየችኝ። ቆይታ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ደህና እንደሆንክ፣ ሥራም እንዳለህ ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ሌላ አልጠየቅኳትም። የቀረውን ካንተ ከራስህ መስማት ፈለግኩ።

እኛ ደህና ነን። ሐዋሳ ሰፍታለች። አንተ የሄድከው ኢንዱስትሪ ፓርኩ በተመረቀበት በ2008 ክረምት ማብቂያ ላይ አልነበር? ያኔ ባዶ ሜዳ የነበረው ብዙው አሁን የኪራይ ቤት ነው። አሞራ ገደል ግን ያው ነው። አባ ኮዳዎቹ ዛሬም የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ ይቆማሉ። ትልቋ ልጄን ታውቃታለህ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላት። ትንሹን አታውቀውም። አንተ ስትሄድ እናቱ ሆድ ውስጥ ነበር። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

የምጽፍልህ በእሱ ምክንያት ነው።

ትልቋ ኳስ ትጫወታለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈር ልጆች ጋር ሜዳ ትወርዳለች። ፀጉሯ ረጅም ነው፤ ሳይጎነጎን መሮጥ አትችልም። እናቷ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ናት። አንድ ቀን ትንሹ «ቁጭ በይ፣ እኔ ልሥራሽ» አላት። ከማን እንደተማረ እንጃ፤ እናቱ ስትሠራ እያየ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ የሚሠራት እሱ ነው። በርጩማ ላይ ያስቀምጣታል፣ ሚዶውን በጥርሱ ይይዛል፣ መስመሩን ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል። እጁ ፈጣን ነው። ሳየው ደስ ይለኛል።

ባለፈው ወር የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሊጠይቀን መጣ። ልጆቹ በረንዳ ላይ ነበሩ። እሷ ማሊያዋን ለብሳ ተቀምጣለች፣ እሱ ከኋላዋ ቆሞ ይጎነጉናል። አጎታቸው እሷን አይቶ ፊቱ በራ። «ይቺማ ወንድ ናት! ጀግና!» አለና መቶ ብር ሰጣት። ከዚያ ትንሹን አየው። ፊቱ ተለወጠ። ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ ልጁ እየሰማ፣ «ይሄን ልጅ ከአሁኑ አስተካክለው። ኋላ ሌላ ነገር እንዳይሆንብህ» አለኝ።

«ሌላ ነገር» ምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። መልስ አልሰጠሁትም። ቡና ይፈላ አልኩ።

ማታ ልጁ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ባባ፣ አበላሸሁት እንዴ?» አለኝ። ሹሩባው የተንጋደደ መስሎታል። አጎቱ «አስተካክለው» ሲል የገባው ይሄ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አንተ መጣህብኝ።

እናትህ እማማ አልጋ ላይ ሲወድቁ እህትህ ገና ትንሽ ነበረች። እንጀራውን አንተ ጋገርክ። ምጣዱን በማሰሻ ስትጠርግ፣ ሊጡን ከዳር ወደ መሃል ስታዞረው አጠገብህ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። እንጀራህ ዓይናማ ነበር። ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ለገብርኤል ንግሥ ፀጉራቸውን ቅቤ ቀብተህ ጎንጉነህ፣ ነጠላቸውን አልብሰህ፣ ደግፈህ ትወስዳቸው ነበር። ሰፈሩ «የተባረከ ልጅ» ይልህ ነበር። ሠላሳን አልፈህ ሳታገባ ስትቀር ግን ለዚያው ሥራ ሌላ ስም አወጡለት። «ሴታሴት» አሉህ። ከዚያ የባሰውን ቃል አልጽፈውም። አንተም ሰምተኸዋል፣ እኔም ቡና ላይ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ። አንድም ቀን «ተዉ» አላልኩም።

ስለ እጅህ ደግሞ ልንገርህ። ከልጅነታችን ጀምሮ ተያይዘን ነው የምንሄደው። አባቶቻችንም ትንሿን ጣት በትንሿ ጣት ቆልፈው ነበር ገበያ የሚወርዱት። ወዳጅነት እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም። አንድ እሁድ አመሻሽ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንሄድ የሆነ ነገር እያወራኸኝ ነበር። እንደ ልማድህ እጄን ልትይዝ እጅህን ዘረጋህ። ፊት ለፊታችን የሰፈር ልጆች ተቀምጠው ነበር። አንዱ ሲስቅ ሰማሁ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ምንም አላልክም። ጨዋታህን ሳትጨርስ አቆምክ። እስከ ቤት ድረስ ዝም ብለን ሄድን። እስከ ዛሬ ያ ጨዋታ ምን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ከዚያ እማማ አረፉ። ድንኳን ውስጥ ድምፅህን አውጥተህ አለቀስክ። ከኋላዬ አንድ ሰው «እንደ ሴት ያለቅሳል» አለ። ዞር ብዬ «እናቱ ናቸው እኮ!» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አጠገብህ መቀመጥ የነበረብኝም እኔ ነበርኩ፤ ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጥኩ። አርባቸውን አውጥተህ ሄድክ። አልደወልኩልህም። መጀመሪያ አፍሬ ነው። ኋላ ደግሞ ዝምታው ራሱ አሳፈረኝ። ወንድሜ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።

አሁን ዙሪያዬን ሳይ ነገሩ ሁሉ ያናድደኛል። ባሏ ቤት የሌለ ሴት ዶሮዋን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፣ አላፊ ወንድ እስኪያርድላት። ልጅም ቢሆን ወንድ ከሆነ ይበቃል። ያው ልጅ ግን ሽንኩርቱን ቢያቁላላ ይሰደባል። ሆቴል ውስጥ ነጭ ለብሶ ሲያበስል ሼፍ ይባላል፣ ይከበራል። ለእናቱ ሲያበስል ሌላ ስም ይወጣለታል። ሽማኔዎቻችን ወንዶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቀጭን ክር ሲያሳልፉ ይውላሉ፣ ለሴት ቀሚስ የሚሆን ጥለት ይሠራሉ። ማንም «የሴት ሥራ» አይላቸውም። አፄ ቴዎድሮስስ? ያ ሁላችን የምናውቀው ሥዕላቸው ሹሩባ የተሠራ ነው። ያን ፀጉር ያየ ሁሉ ጀግና ይላል። የእኔን ልጅ ግን ፀጉር ስለነካ ፈሩት።

ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታመጣ ትዝ ይልሃል? ልጆች ነበርን። ትልልቆቹ «ወንድ ናት!» እያሉ ያጨበጭቡ ነበር። ከልባቸው ሊያመሰግኗት ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ የገባኝ ይሄ ነው፦ ለሴት ትልቁ ምስጋና ወንድ መባል ከሆነ፣ ለወንድ ትልቁ ስድብ ሴት መባል መሆኑ አይቀርም። ሚዛኑ አንድ ነው፤ ሴትን ከታች ያስቀመጠ ሚዛን። አንተን የሰደቡህ በእናቴ፣ በሚስቴና በልጄ ስም ነው። እኔ ደግሞ ያንተ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ዝም አልኩ።

ለልጄም ቢሆን ያ መቶ ብር ዕድሜው አጭር ነው። ጥቂት ዓመት ቆይታ ማሊያዋን ካላወለቀች ያው አጎት «ማን ያገባታል?» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ ያንተ ወሬ ለእሷም ይመጣል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩትን ሴት ልጆች እያቸው። ለአራት ለአምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ለሁለት ይተኛሉ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ማንም አይጠረጥራቸውም። ሠላሳ ያለፋቸው ሁለት ወንዶች እንደዚያ ቢኖሩ ግን ሰፈሩ እንቅልፍ ያጣል። ልጆቹም ቢሆኑ ከማታ ፈረቃ ሲመለሱ ሌላ ስም ይጠብቃቸዋል።

«ከውጭ የመጣ ነገር ነው» ሲሉ ትሰማለህ። ለእኔ ከውጭ የመጣ የሚመስለኝ ጥርጣሬው ነው። እጅ ለእጅ መያያዝ የእኛ ነበር። ዛሬ ፍቅር ሐይቅ ዳር ወጣቶቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ እጃቸው ግን ስልካቸው ላይ ነው። እንደ ድሮው ተያይዘው የሚሄዱ ሽማግሌዎች ብቻ ሆነዋል። ስናያቸው የማንጠረጥረው ስላረጁ ነው።

ወሬው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 629፣ በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በእስራት ይቀጣል። ሕጉ ስለሚጋግር ወንድ፣ ድምፁ ስለለሰለሰ ሰው፣ ሳያገባ ስለቆየ ሰው የሚለው የለም። ሰፈር ግን በእነዚህ ብቻ ይፈርዳል። አንድ ቃል ተወርውሮ የሰው ሥራ፣ ቤትና ዕድር ሊያሳጣ ይችላል። ይህን እያወቅኩ ነው ቡናዬን የጠጣሁት።

ወሬው እውነት ቢሆንስ ኖሮ ብዬም ራሴን ጠየቅኩ። ሳልሸሽ ነው የጠየቅኩት። ያኔም እጅህ ያው እጅህ ነበር፤ እማማን ያነሳው፣ እኔ ወባ ሲጥለኝ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ያቀዘቀዘው። ምን እንደሆንክ ጠይቄህ አላውቅም። አሁንም አልጠይቅህም። ልትነግረኝ የምትፈልገው ነገር ካለ እሰማሃለሁ። ከሌለም የሚጎድልብኝ የለም።

ለባለቤቴ ወንድም በማግሥቱ ደወልኩለት። «ልጄ የሚስተካከል ነገር የለውም» አልኩት። ተቀይሞኛል። ልጁ ግን ሁለት ቅዳሜ ሚዶ አልነካም። እህቱ ፀጉሯን በላስቲክ አስራ ሄደች። በሦስተኛው አስቀምጬ ስላንተ ነገርኩት። ስለ እንጀራህ፣ ስለ እማማ ፀጉር፣ እጄን ኪሴ ስለከተትኩበት ቀንም። ሳይናገር ሰማኝ። ከዚያ «ያ ጋሼ አሁን የት ነው ያለው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። እህትህ ጋ የሄድኩት በማግሥቱ ነው። እሱ ሚዶውን ፈልጎ አምጥቷል።

ስልኬ ያው ድሮ የምታውቀው ነው። ባትመልስልኝም ይገባኛል። ለገብርኤል ብትመጣ ግን መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበልሃለሁ። ባጃጅ አንይዝም። እስከ ሐይቁ በእግራችን እንሄዳለን፣ እጄን ይዘህ፣ ያን ያቋረጥከውን ጨዋታ እየነገርከኝ።

አብሮ አደግህ