ታቦቱ የነበረበት ቁም ሳጥን

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን።

ባለፈው ስትደውይ «እማ፣ በየቀኑ ፕሪንስስ ስትሪት ላይ ነው ከአውቶቡስ የምወርደው» አልሽኝ። ዝም ስል ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎሽ «ሃሎ፣ ሃሎ» ስትዪ ነበር። አልተቋረጠም። እንባ ተናንቆኝ ነው።

አራት ዓመትሽ ነበር። ቦሌ መንገድ ላይ ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ፣ እልል እያለ ቆሟል። አንቺ ቀሚሴን ይዘሽ «ታቦቱ ከየት ነው የመጣው?» አልሽኝ። «ከሩቅ አገር» ብዬ አለፍኩት። ያ ሩቅ አገር አሁን አንቺ ያለሽበት ከተማ፣ የስኮትላንዷ ኤድንብራ ነው።

ከፕሪንስስ ስትሪት ምዕራብ ጫፍ፣ ሎዚያን ሮድ ጥግ ላይ፣ ቅዱስ ዮሐንስ የሚባል የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ። በከተማው ካሉት በጣም ጥንታዊው አይደለም፤ ቅዱስ ጋይልስ ዘጠኝ መቶ ዓመት ሞልቶታል። ዮሐንስ የተሠራው በፈረንጆች ከ1816 እስከ 1818 ነው። ያሠሩት ኤጲስቆጶሳውያን የሚባሉት ምእመናን ናቸው። ከዙፋን የተባረሩትን የስቱዋርት ነገሥታት ትደግፋላችሁ ተብለው አምልኳቸው ለብዙ ዘመን በሕግ ታፍኖ ነበር። ሕጉ የተሻረው በ1792 ነው። ተደብቀው ይጸልዩ የነበሩ ሰዎች ልጆች በዋናው ጎዳና ላይ እንዲህ ያለ ቤት ማቆማቸው ደስ ይለኛል።

አርክቴክቱ ዊልያም በርን ገና ወጣት ነበር። ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በጃንዋሪ 1818፣ ከባድ አውሎ ነፋስ የማማውን ጫፍ ገንድሶ ጣሪያው ላይ ጣለው። እነሱ ግን በማርች መረቁት።

ከዚያ በ50 ዓመቱ መቅደላ ሆነ። አጤ ቴዎድሮስ ሞቱ፤ የጄኔራል ናፒየር ጦር ቤተ መንግሥቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ዘረፈ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ። አንዱ ታቦት በአንድ የጦር መኮንን እጅ ኤድንብራ ደረሰና ለዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። አስቢው ልጄ። እኛ ቀና ብለን የማናየው፣ ሲወጣ መሬት ስመን የምንሰግድለት ታቦት፣ ከ130 ዓመት በላይ ማንነቱን በማያውቁ ሰዎች መካከል ተቀመጠ።

በፈረንጆች 2001 የደብሩ ቄስ ጆን ማክሉኪ አንድ ቁም ሳጥን ከፈቱ። ውስጡ የቆዳ ሣጥን አገኙ። እሳቸው ኢትዮጵያን የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አሮጌ ዕቃ ነው ብሎ መልሶ ይዘጋው ነበር። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል።

ደብሩም ይመለስ አለ። በእኛ ጥር 19 ቀን 1994፣ እሑድ ዕለት፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታቦቱ ለኢትዮጵያ ካህናት ተሰጠ። ከጥቂት ቀን በኋላ ነው እኔና አንቺ መንገድ ላይ የቆምነው። ለንደን ያለው የብሪቲሽ ሙዚየም ግን ዛሬም 11 ታቦት ይዟል። ተሸፍነው፣ ተቆልፎባቸው። ይሄ ያንገበግበኛል፤ ስለዚህም የዮሐንስን ሰዎች ይበልጥ አከብራቸዋለሁ።

አንድ ቀን ከአውቶቡስ ስትወርጂ ጎራ በዪልኝ። ነጠላሽን ይዘሽ ሂጂ። ጣሪያውን ቀና ብለሽ እዪው፤ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ የጎቲክ ሥራ ነው አሉ። አንድ ሻማ አብሪ፣ በር ላይ የምታገኚውንም ሰው እናቴ አመሰግናለሁ ብላለች በዪው። ስትወጪ ደውዪልኝ። ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።

እናትሽ