ይድረስ ለአባቴ፦ ስለ ቮልሷ የቤንዚን ሽታ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የቮልሷን ነገር በስልክ ስናነሳው ሁልጊዜ በሙግት ስለሚያልቅ፣ ረጋ ብለው ቢያነቡት ይሻላል ብዬ ጻፍኩልዎት። ጽሑፍ ደግሞ መሐል ላይ አይቋረጥም።

ቮልሷ ትሸታለች። እርስዎ «ምንም አይሸተኝም» ብለውኛል፤ አምንዎታለሁ። ነገር ግን ዕድሜ ሲገፋ ማሽተትም እንደ ዓይንና እንደ ጆሮ ይደክማል። ዓይን ሲደክም ፊደሉ ስለሚደበዝዝ ሰው ያውቀዋል፤ አፍንጫ ሲደክም ግን ምን እንደቀረ የሚነግረን የለም። እማዬ ካፖርትዎን ከቤት አውጥታ ገመድ ላይ የምትሰቅለው ለፀሐይ ብላ አይደለም፤ ቤንዚን ቤንዚን ስለሚል ነው። እንዳይከፋዎት ብላ ዝም አለች እንጂ።

መጥቼ ኮፈኑን የከፈትኩ ዕለት የሽታውን ምንጭ አግኝቼዋለሁ። ታንከሩ አናት ላይ፣ የጌጁ (የነዳጅ መለኪያው) ተንሳፋፊ የገባበት ክብ ክዳን ዙሪያውን ጠቁሯል። ሌላው ቦታ ላይ ያለው አቧራ ደረቅ ነው፤ እዚያ ጋ ግን ረጥቦ ተለጥፏል። ጣቴን ነካ አድርጌ ሳየው እርጥበቱ ወዲያው ተነነ፤ ዘይት ቢሆን ኖሮ ይቆይ ነበር። ከአንደኛው ብሎን ሥር የተነሳ ቀጭን መስመርም ወደ ሾፌሩ በኩል ወርዷል። የመቅጃውን አንገት ጎማና የማስተንፈሻውን ቱቦ አብሬ ፈትሻለሁ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ያረጀው በክዳኑና በታንከሩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ ነው። ቡሽ ስለሆነ ከዓመታት ብዛት ደርቆ ተሰብስቧል።

ሽታው አንድ ቀን ኖሮ ሌላ ቀን የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ታንከሩ ሞልቶ ሲታጠፉ ወይም ፍሬን ሲይዙ ቤንዚኑ ተንጦ ክዳኑን ይመታዋል፤ ግማሽ ላይ ሲሆን አይደርስበትም። በዚያ ላይ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ቤንዚን በመቶ አንድ ገደማ ያብጣል። የቮልሷ ታንከር 40 ሊትር ይይዛል። ጠዋት አፉ ድረስ አስሞልተው ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ ካቆሟት፣ ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን መውጫ ይፈልጋል።

እርስዎ ደግሞ አፉ ድረስ ካላስሞሉ አይሆንልዎትም። ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የመጀመሪያዋ ቮልስዎ እ.ኤ.አ. ከ1962 ሞዴል በፊት የተሠራች ስለነበረች ጌጅ አልነበራትም፤ ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር እግርዎን ልከው የመጠባበቂያዋን መክፈቻ ያዞሩ እንደነበር ስንት ጊዜ ነግረውናል። በዚያ ያደገ ሾፌር መርፌ አያምንም። የአሁኗ ግን እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ናትና ጌጇ በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ትንሽ ቢያምኗት ምን ይልዎታል?

አሁን ወደ ሲሊኮኑ ልምጣ። «በላዩ ላይ ልቀባውና ይገላግለን» ብለዋል። እባክዎ አይቀቡት። ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ሲነካው ያብጥና ይላቀቃል። ከውጭ የያዘ ይመስላል፤ ከውስጥ ግን ቁርጥራጩ ታንከሩ ውስጥ ይወድቅና ማጣሪያውን፣ ቀጥሎም ካርቡሬተሩን ይዘጋል። ያኔ በአንድ ጋስኬት ፋንታ ታንከር ልናወርድ ነው። ከዚህ በፊት አንድ መካኒክ በአንደኛው ጎን ቀብቶት ሄዷል፤ ጠርዙ ላይ እንደ ማስቲካ የተንጠለጠለው እሱ ነው።

ጋስኬቱን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ቡሽም መጥፎ አልነበረም፤ ግን ዛሬ የሚሸጠው ቤንዚን ኢታኖል የሚባለው አልኮል ሊኖርበት ስለሚችል፣ እሱንም ጭምር ከሚችለው ቫይተን ከሚባለው ጎማ የተሠራውን መርጫለሁ። ተራ ጎማ አልገዛም።

እስክመጣ ድረስ ከግማሽ በላይ አያስሞሉ፤ በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም አያሳድሯት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል፤ ከአየሩ ውስጥ በመቶ 1.4 ያህሉ ትነት ከሆነ ደግሞ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ቤንዚን እኮ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳን የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፤ «ዛሬ ብርድ ነው» ማለት አያድንም።

ሥራውን ሜዳ ላይ አውጥተናት ነው የምንሠራው። ታንከሩ ወደ ባዶው ሲጠጋ፣ ሞተሯም በደንብ ሲቀዘቅዝ እንጀምራለን። መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አንስተን የባትሪውን ኔጋቲቭ እንፈታለን። የእሳት ማጥፊያውን እማዬ ትይዛለች፤ ከእኛ ይልቅ እሷ ትነቃለች። ጎንበስ ማለቱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ወገብዎን አውቀዋለሁ። የኤሌክትሪክ ገመዱንና የክዳኑን አቅጣጫ ምልክት አድርጌ፣ ዙሪያውን በብሩሽና በጨርቅ አጽድቼ አምስቱን ብሎኖች እፈታለሁ፤ ሳናጸዳ ከከፈትነው ያ ሁሉ አቧራ ወደ ታንከሩ ይገባል። ክዳኑ ተጣብቆ እምቢ ቢል በብረት አልፈነቅለውም፤ የእንጨት ሽብልቅ አዘጋጅቻለሁ። የድሮውን ቡሽም በፕላስቲክ መፋቂያ ነው የማነሳው። ብረት ጠርዙን ይጭረዋል፤ ብልጭታም አለበት።

ተንሳፋፊው ከወጣ በኋላ ቴስተሩን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ተገልብጦ ሲቃና ቴስተሩ የሚያሳየው ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ልክ) ሳይዘልና ሳይቆራረጥ ቀስ እያለ መለወጥ አለበት። መሐል ላይ ከጠፋ የጌጇ መርፌ የምትዘለው በእሱ ነው ማለት ነው፤ ከተከፈተ አይቀር አብረን እንጨርሰዋለን። ያኔ «ጌጅ ውሸታም ነው» የሚሉትንም በቁጥር እናየዋለን።

ማጥበቁንም ለእርስዎ ትቼዋለሁ። እኔ እጄ ይከብዳል፤ እርስዎ ደግሞ ብሎን የት እንደሚበቃው በጣትዎ ያውቃሉ። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ብቻ፣ ከዚያ አንዱን ዘሎ ሌላውን፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ። አንዱን ጎን ቀድመው ካጠበቁት ስሱ ክዳን ይጣመምና አዲሱም ጋስኬት ያንጠባጥባል። ከብሎኖቹ ሥር አዳዲስ ማሸጊያ ሮንዴላ እናደርጋለን፤ ቤንዚን በብሎኑ ጥርስ በኩልም እየሳበ ይወጣልና። ባትሪውን መልሰን ቁልፉን ሲከፍቱ መርፌዋ ወዲያው ባትነሳ አይናደዱ፤ የዚህች ጌጅ መርፌ የምትንቀሳቀሰው ውስጧ ያለው ብረት ሲሞቅ ስለሆነ ዝግ ትላለች። ከዚያ እናስሞላና ክዳኑ ዙሪያ ነጭ ወረቀት እናነጥፋለን። አፍንጫዎን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የምናየው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የጋስኬቱን ልክ እንዳልሳሳት፣ ምንም ሳይፈቱ ክዳኑ ላይ ወረቀት አድርገው የብሎኖቹን ቦታ በእርሳስ ፈግፍገው ያውጡልኝና ፎቶውን ይላኩልኝ። ስልኩን ግን ቮልሷ ጋ ይዘው አይሂዱ፤ ወረቀቱን ቤት አስገብተው ያንሱት።

ልጅዎ