ደብዳቤ ከጎንደር፦ የዕቃው የመጀመሪያ ገዢ ማን ነበር?

ጎንደር፣ ጥቅምት

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ቤተሰቡስ ደኅና ነው? ይህን ሁሉ ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን በይቅርታህ እለፈውና ወደ ጥናትህ ልግባ።

የአሜሪካ የመከላከያ ገንዘብ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን እንዴት እንደቀረጸ ልታጠና መሆኑን ሰማሁ። ብዙ ሰው የሚጀምረው «ምርምሩን ማን ደጎመ?» ብሎ ነው። አንተ ግን የዕቃው የመጀመሪያ ገዢ ማን እንደነበረና ስንት እንደከፈለ ጠይቅ፤ ድጎማና ግዢ ለየቅል ናቸው። ትራንዚስተር ሠሪውን ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን ውሰድ። በ1957 ተመሠረተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። የመንግሥት የምርምር ገንዘብ መቀበል ብዙም አይወድም ነበር፤ መሸጡን ግን ይሸጥ ነበር። ለሚኒትማን ሚሳኤል የቀረቡት ትራንዚስተሮቹ ግን እንከን ነበረባቸው፦ በማሸጊያው ውስጥ የተላቀቀች የብረት ብናኝ ክፍሎቹን ታገናኛለች፤ በእርሳስ መታ መታ ሲደረግ ዕቃው ይበላሻል። የፌርቻይልዱ ዣን ሆርኒ የትራንዚስተሩን ገጽ ብናኙ እንዳይነካው በሲሊከን ኦክሳይድ እንደተሸፈነ መተውን በ1959 በተግባር አሳየ። ፕላናር የተባለው ይህ ዘዴ የአይሲ (ብዙ ትራንዚስተሮች በአንድ ቁራጭ ላይ የሚሠሩበት ቺፕ) መሠረትም ሆነ። ስለዚህ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የገዢውን የጥራት መስፈርት አስቀድመህ አንብብ።

ከዚያ ዋጋውን ተከተል። በ1962 አንድ አይሲ በአማካይ 50 ዶላር ያወጣ ነበር፤ ምርቱም በሙሉ ወደ ወታደራዊ ሥራ ይሄድ ነበር። በ1965 ዋጋው 8.33 ዶላር፣ ወታደራዊው ድርሻ 72 በመቶ ሆነ። በ1968 ደግሞ 2.33 ዶላርና 37 በመቶ። ለእኔ ከየትኛውም ንድፈ ሐሳብ ይልቅ እነዚህ ቁጥሮች ይናገራሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያሠሩም አዛዡም ከፋዩም ንጉሡ ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ግን ለጋፋት ሌላ ደንበኛ አልመጣም።

ለቅርቡ ዘመን ዩኤስኤ ስፔንዲንግ የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ አለልህ፤ መፈለጊያው ከ2008 የበጀት ዓመት ጀምሮ ያለውን የመንግሥት ውል ያወጣል። የእኛ በጀት ሐምሌ 1 ሲጀምር የእነሱ በግሸን ማርያም ሰሞን፣ ኦክቶበር 1 ይጀምራል። የ2019 በጀት የሚከፈተው በ2018 ነው ማለት ነው፤ ይህን የዘነጋ ዓመቶቹን ሁሉ ያፋልሳል። የመከላከያ መረጃ 90 ቀን ዘግይቶ ስለሚወጣ የመጨረሻውን ሩብ ዓመት አትመን። ፋይሉን ዓመት በዓመት ከፋፍለህ አውርድ። በእኛ ኔትወርክ ሌላ አማራጭ የለም፤ ኤክሴልም ከ1,048,576 ረድፍ በላይ ያለውን አያሳይህም።

ትልቁ ወጥመድ የውል ጣሪያ ነው። በዲሴምበር 2022 አማዞን፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ኦራክል የተካፈሉት የመከላከያ የክላውድ (በኔትወርክ የሚከራይ የኮምፒዩተር አገልግሎት) ውል 9 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ተወራ። ያ ግን ሊደርስ የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ገንዘቡ የሚመደበው በየሥራ ትእዛዙ ነው። ከዚያ በፊት በ2019 ለማይክሮሶፍት የተሰጠው የ10 ቢሊዮኑ ውል በ2021 ተሰርዟል። ስለዚህ የጣሪያውን ዓምድ ተወውና ለውሉ በእርግጥ የተመደበውን ደምር። ከዜሮ በታች የሆኑ ረድፎች ካየህ አትሰርዛቸው፤ ከውሉ ላይ የተቀነሰ ገንዘብ ናቸው። ብዙ ሶፍትዌር በአከፋፋይ በኩል ስለሚሸጥ የሠሪው ስም ላይገኝ ይችላል። በኤፕሪል 2022 የኩባንያ መለያ ቁጥሩ ስለተቀየረም አሮጌውንና አዲሱን አጣምረህ ፈልግ።

በፓተንቶች ውስጥ ደግሞ «በመንግሥት ድጋፍ የተሠራ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ፈልግ፤ የውል ቁጥሩም አብሮ ይጻፋል። ግዢ ግን እዚያ አይታይም፣ የአክሲዮን መዋዕለ ንዋይም እንዲሁ። ኢንኩቴል የተባለው የመዋዕለ ንዋይ ድርጅት በ2003 በካርታ ሶፍትዌር ሠሪው ኪይሆል ላይ ገንዘብ አፈሰሰ፤ ጉግል በ2004 ኩባንያውን ገዝቶ ጉግል ኧርዝን ከዚያ ሠራ። ኢንኩቴል በሲአይኤ ድጋፍ የተቋቋመ ራሱን የቻለ ድርጅት ነውና ከፔንታጎን ውሎች ጋር አትቀላቅለው።

መጀመሪያ የአንድ ኩባንያ የአንድ ዓመት መዝገብ ብቻ አውርደህ ላክልኝ፤ ዓምዶቹን አብረን እናያለን። ለእናታችን ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ