ማሙሽዬ፣ ከንፈርህን አትላስ

ማሙሽዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ድሬ እንደምታውቃት ናት፤ በታኅሣሥም ያለ ሹራብ ነው የምንውለው።

እህትህ ቴሌግራም ላይ የለጠፍከውን ፎቶ አሳየችኝ። ሁሉም ጋቢህን ሲያደንቅ እኔ ያየሁት ከንፈርህን ነው። መሃሉ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል። ማክሰኞ ስደውል «ደህና ነኝ እማ» ያልከኝ በዚያ ከንፈር ነው?

ስማኝ፤ ከንፈርህን አትላስ። ሲደርቅ ምራቅ ማስነካት እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ምራቁ ግን ወዲያው ይተንና የነበረችውንም እርጥበት ይዟት ይሄዳል። ምራቅ የተሠራው ምግብ ለመፍጨት ነው፤ ስስ ቆዳ ላይ ሲመላለስ ያቆስላል። ከንፈር ደግሞ እንደ ሌላው ገላህ በራሱ ወዝ አይለሰልስም። አንተ ያለህባት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ የዚያን ግማሽ እንኳ አትደርስም። ውርጭና ነፋሱ ያላደገበትን ልጅ አይምሩም።

አባትህም እንዲሁ ነበር። የጅቡቲን መስመር በሹፌርነት በሚሠራበት ጊዜ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ይመጣል፤ መሳቅ እንኳ ያቅተዋል። አንተ ሕፃን ሆነህ ሊስምህ ሲል «ይወጋል!» ብለህ ትሸሸው ነበር። አንድ ቀን ምን ተቀብቶ ቢመጣ ጥሩ ነው? ግራሶ፣ የመኪናውን ቅባት! «ለኩሽኔታ የሆነ ለኔ ምን ይለዋል» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በኋላ ረዳቱ ነው የነገረኝ፤ ለሽንት ላለመቆም ብሎ በዚያ በረሃ ውኃ አይጠጣም ነበር። ኩላሊቱ ጠጠር ይዞ ሌሊት ሲያቃስት ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ያኔም «ደህና ነኝ» ነበር የሚለው። ቁመቱን መውረስህ አይበቃም? አሁን አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ይሄን አትጻፊው» ይለኛል። እጽፈዋለሁ።

ቫዝሊን ልኬልሃለሁ። ማታ ስትተኛና ጠዋት ከዶርም ስትወጣ ወፈር አድርገህ ተቀባ፤ ፊትህን ታጥበህ ከንፈርህ ገና እርጥብ እያለ ቢሆን ይመረጣል። ያ ቀዝቀዝ የሚያደርገው ሜንታ ያለበት ሊፕባልም ይቅርብህ። ሲለበልብህ የሚሠራ ይመስልሃል እንጂ ያባብሰዋል። ማርም አትቀባ፤ ጣፍጦህ ትልሰዋለህ። አትላስ አልኩህ! የተላጠውንም በጥርስህ አትገንጥል፤ ደሙ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ስትወጣ አፍህን በሻርፕ ሸፈን አድርግ። ብርድ ነው ብለህ የደጋን ፀሐይ አትናቃት፤ ባርኔጣህን አድርግ። ሚጥሚጣውን ለጊዜው ተወው። ውኃ ጠጣ። ሌሊት አፍንጫህ እየተደፈነ በአፍህ የምትተነፍስ ከሆነም ንገረኝ፤ እሱም ያደርቃል።

አያትህ «ዳማከሴ ይቀባ» ብለዋል። እሺ ብያቸዋለሁ፤ አንተ ግን አትቀባ። ዳማከሴ ለምች ነው። ምች ውኃ ቋጥሮ ተሰብስቦ ይወጣል፤ ያንተ ስንጥቅ ነው። ከጓደኞችህ ምች የወጣበት ካለ ግን በአንድ ኩባያ አትጠጡ፤ ይተላለፋል።

የአፍህ ጥግ ከቆሰለ፣ ወይም በሁለት ሦስት ሳምንት ካልዳነ፣ የግቢው ክሊኒክ ሂድ። ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ የደም ማነስም ያመጣዋል። ካፌው ካላጠገበህ ደብቀህ አትራብ። የላክሁልህ ዕቃ ውስጥ በሶ አለበት፤ በጥብጠህ ጠጣ።

የኔ ጌታ፣ ናፍቀኸኛል። ቤቱ ጭር ብሏል። ግን አትላስ።

ዕቃውን የሚያመጣልህ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይደርሳል፣ ስልክህን ክፍት አድርግ። ቫዝሊኑን ለዶርም ልጆች ለየራሳቸው ጨምሬያለሁ፤ ሁላችሁም ከአንዱ እንዳትጠልቁ። ቆሎው ጨው አለበት፤ እሱን ለነሱ ስጣቸው።

እናትህ