ጉም ከመጣ ተመለስ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? እኛ ደህና ነን። ቅዳሜ ከጓደኞችህ ጋር ከኬፕ ታውን ወደ ኬፕ ፖይንት ለእግር ጉዞ እንደምትሄድ እየነገርከኝ ስልኩ ተቋረጠ፤ የቀረውን በደብዳቤ ልጨርሰው።

ሐረር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ አባት እንዲህ ሲባል ዝም አይልም። እዚያ ቆመህ «የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ነኝ» የሚል ፎቶ ብትልክልኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣለሁ። ደቡባዊው ጫፍ አጉልሃስ ነው፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዚህች ጥያቄ የስንቱን ተማሪ ነጥብ ቀንሻለሁ!

ዋናው ነገር ግን ጉሙ ነው። ኮረብታው አናት ላይ የምታገኘው አሮጌው የመብራት ማማ እ.ኤ.አ. በ1860 ሥራ ሲጀምር ከባሕሩ ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ከፍ ያለ መብራት ከሩቅ ይታያል ብለው ነው። ጉሙ አናቱን እየሸፈነ ከመርከበኞች ደበቀው። እ.ኤ.አ. በ1911 ሉሲታኒያ የምትባል የፖርቱጋል መርከብ እዚያው አቅራቢያ ከዐለት ጋር ከተላተመች በኋላ አዲሱን መብራት ዝቅ አድርገው፣ ከባሕሩ 87 ሜትር ላይ ሠሩት። ከአሮጌው ማማ በጠባቡ ሸንተረር የሚወርደው መንገድ አዲሱን ቁልቁል ወደምታይበት ቦታ ያደርስሃል። እዚያ ላይ ጉም ከያዘህ ተመለስ።

የሐኪም ተራራን ታስታውሳለህ? ዘጠኝ ዓመትህ ነበር። ዳገቱ መሐል የጫማህ ማሰሪያ ተበጠሰና ጫት ከተጠቀለለበት የሙዝ ቅጠል ሰንጥቄ አሰርኩልህ። ወዲያው ጉም ወረደ፤ ጁገል ከነግንቡ ከዓይናችን ጠፋ። እኔ እልኸኛው «ትንሽ ነው የቀረን» እያልኩ ጎተትኩህ። ተንሸራተህ ጉልበትህ ተላጠ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ለእናትህ «ሲጫወት ወድቆ ነው» አልኳት። እስከ ዛሬ እንዳመነች ናት።

ደግሞ ሐረር ጅብ በእጅ ሲጎርስ እያየህ አድገሃልና እዚያ ያሉትን ዝንጀሮዎች ላጉርስ እንዳትል። ክልክል ነው፤ ምግብ ከሸተታቸው ቦርሳህን ይነጥቁሃል።

እኔ ባሕርን በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስስል ኖርኩ እንጂ አንድም ቀን አላየሁትም። ስትደርስ ደውልና ስልኩን ወደ ማዕበሉ አዙረው። እናትህም አጠገቤ ሆና ትሰማለች፤ ስለ ጉልበትህ ግን ቃል እንዳይወጣህ።

አባትህ፣ ከሐረር