ከቴስቶስትሮን መርፌ በፊት ኤልኤች ይለካ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ልጅ አልወለድ ያለው ባል ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞን ሲታዘዝለትም ሆነ ጂም የሚሠራ ወጣት ከጓደኛው ገዝቶ ሲወጋ፣ ሁለቱም የጎደለውን የሞሉ ይመስላቸዋል። መርፌው ግን በቆለጥ ውስጥ ያለውን ቴስቶስትሮን ያወርደዋል እንጂ አይጨምረውም። ነገሩ ግራ ስለሚያጋባ አሠራሩን መግለጽ ግድ ይለናል።

ቴስቶስትሮን የሚሠሩት በዘር ቱቦዎች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ያሉት የሌይዲግ ሴሎች ናቸው። ስማቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1850 ከገለጻቸው ጀርመናዊ ተመራማሪ ከፍራንዝ ሌይዲግ ነው። ያለ ትእዛዝ አይሠሩም። በአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ በየአንድ ሰዓት ተኩል ወይም በየሁለት ሰዓቱ ጂኤንአርኤች የተባለ ሆርሞን ይረጫል፤ አተር የምታህለው ፒቱታሪ ዕጢም ይህን ተቀብላ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ወደ ደም ትለቃለች። ኤልኤች የሌይዲግ ሴሎችን፣ ኤፍኤስኤች ደግሞ ዘርን የሚያሳድጉትን የሰርቶሊ ሴሎች ያዛል። እረፍት እየሰጠ መረጨቱ ወሳኝ ነው። ጂኤንአርኤችን የሚመስል መድኃኒት ያለማቋረጥ ከተሰጠ ፒቱታሪ ትደነዝዝና ቴስቶስትሮን ይወድቃል፤ በፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ኤልኤች በሌይዲግ ሴል ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው መልእክት አስተላላፊ በሴሉ ውስጥ ይበዛል። ቀጥሎ ስታር የሚባል ፕሮቲን የቴስቶስትሮን ጥሬ ዕቃ የሆነውን ኮሌስትሮልን ሚቶኮንድሪያ ወደተባለው የሴሉ ክፍል ውስጠኛ ሽፋን ያሻግራል። የምርቱን ፍጥነት የሚወስነው ይህ ማሻገር ነው፤ ኮሌስትሮል ሞልቶ ቢተርፍም አሻጋሪ ከሌለ ቴስቶስትሮን አይሠራም። የቀረውን ኢንዛይሞች እየተቀባበሉ ይጨርሱታል። ጤነኛ ጎልማሳ በቀን ከ5 እስከ 7 ሚሊግራም ገደማ ያመርታል፤ በቆለጥ ውስጥ ያለው ክምችት በደም ካለው በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ዘርም ያለዚህ ክምችት አይመረትም።

እንግዲህ ከውጭ የተወጋው ቴስቶስትሮን በደም ውስጥ ሲበዛ፣ ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ በቂ እንዳለ ቆጥረው ዝም ይላሉ። ኤልኤች ይጠፋል፣ የሌይዲግ ሴሎች ሥራ ይፈታሉ፣ ቆለጥ ይሟሽሻል፣ ዘር ይነጥፋል። የደም ምርመራው ወረቀት ግን ቴስቶስትሮን «ጥሩ ነው» ይላል! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ጥናቱ ቴስቶስትሮን ኢናንቴት የተባለውን መርፌ በሳምንት 200 ሚሊግራም ለ271 ጤነኛ ወንዶች ሰጥቶ፣ የ157ቱ ዘር ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ጥናቱ የተሠራው የእርግዝና መከላከያ ለማግኘት ነበር። ልጅ ለሚፈልግ ሰው ይህንኑ መድኃኒት ማዘዝ ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ ከዚህ ይታያል። መርፌው ሲቆም አብዛኛው ሰው ያገግማል፤ በእንዲህ ዓይነት ጥናቶች ከተሳተፉት ሁለት ሦስተኛው በ6 ወር፣ 90 በመቶው በ12 ወር ዘራቸው በሚሊሊትር ወደ 20 ሚሊዮን ተመልሷል። ጡንቻ ለማፈርጠም በብዙ እጥፍ የሚወጉት ከዚህም ሊዘገዩ ይችላሉ።

ስለዚህ ደሙ በባዶ ሆድ፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ይወሰድ። ከቴስቶስትሮን ጋር ኤልኤች፣ ኤፍኤስኤች እና ፕሮላክቲን የተባለው ሌላው የፒቱታሪ ሆርሞን ይለኩ። ልጅ ዘገየ ሲባል ሚስት ብቻዋን ከክሊኒክ ክሊኒክ መመላለሷም ይብቃ። ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ኤልኤች ከፍ ካለ፣ ፒቱታሪ ታዛለች፣ ቆለጥ ግን አይመልስም፤ ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ ወይም ክላይንፌልተር የተባለው የክሮሞሶም ችግር ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጉዳቱ ከላይ፣ ከፒቱታሪ ወይም ከሃይፖታላመስ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ኤልኤች «መደበኛ» ተብሎ ሲመጣ ነው፤ ቴስቶስትሮን በወረደበት ሰው ጤነኛ ፒቱታሪ ኤልኤችን ከፍ ማድረግ ስለነበረባት፣ መደበኛው ቁጥር ራሱ ሕመም ያመለክታል። ያኔ የፒቱታሪ እባጭ፣ እንዲሁም እንደ ሪስፔሪዶን (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) እና ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ) ያሉ መድኃኒቶች ይታሰባሉ፤ ራስ ምታትና የጎን እይታ መጥበብ ካለ ኤምአርአይ አይዘገይም። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰደው ባዮቲን የተባለው ቪታሚንም በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ቴስቶስትሮንን ከፍ፣ ኤልኤችን ዝቅ አድርጎ በሐሰት ያሳያል፤ ከምርመራው ጥቂት ቀናት አስቀድሞ ይቁም።

ኤልኤች ጎድሎበት ልጅ የሚፈልግ ሰው ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን በመርፌ ይሰጠዋል፤ በዚያው የኤልኤች ተቀባይ ላይ ስለሚሠራ የሌይዲግ ሴሎችን ይቀሰቅሳል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ1500 እስከ 2000 ዩኒት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲሆን፣ ከወራት በኋላ ዘር ካልታየ ኤፍኤስኤች ይጨመራል። ኤልኤች አስቀድሞ ከፍ ላለበት ግን ኤችሲጂ ብዙም አይረዳም። ፕሮላክቲን የበዛበት እባጭ አብዛኛውን ጊዜ በካበርጎሊን ክኒን ይቀንሳል።

መርፌ ሲወጋ የቆየ ሰው ለሐኪሙ አይደብቅ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና መጨረሻ የወሰደበትን ቀን ካልተናገረ፣ የጠፋው ኤልኤች የፒቱታሪ በሽታ መስሎ ሐኪሙ የሌለ እባጭ ሲፈልግ ይከርማል።

በሆርሞን ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች